ተኝቶ ታካሚና ተመላላሽ

ሰው ታሞ አልጋ ላይ በወደቀ ጊዜ ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት «መቼ ይነሣል?» ብለው ነው። ለዚህ ጥያቄ በጥንት ዘመን መልስ የሚሰጠው የበሽተኛው ሰውነት ብቻ ነበረ። ትኵሳቱ ሲበርድ፣ ቍስሉ ሲደርቅ፣ እግሩ መሬት ሲረግጥ ያን ጊዜ ተነሣ ይባል ነበር። ኋላም ሐኪም መጣና እርሱ ሁለተኛ መልስ ሰጪ ሆነ። በዛሬው ዘመን ግን ሦስተኛ ተጨምሯል፤ እርሱም የኢንሹራንስ ደንብ ነው። ይህ ሦስተኛው በሽተኛውን አያየውም፤ እጁንም ይዞ የልቡን ትርታ አያዳምጥም፤ ነገር ግን በሽተኛው ስንት ሌሊት እንደሚያድርና ከዚያም በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ለመወሰን ሥልጣን አለው። ደንብ ማወቅ የጠበቃና የጸሓፊ ሥራ ብቻ መስሏቸው የሚኖሩ ወጣቶች ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ በአሜሪካ አገር ያየሁትንና የተረዳሁትን ልጽፍላቸው አሰብሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። የሰው ጉልበትና ዳሌ እንደ በር ማጠፊያ ናቸው። ብዙ ዘመን ያገለገለ ማጠፊያ እንደሚያልቅ ሁሉ፣ በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ልባስ በዕድሜ ብዛት ያልቅና አጥንት ከአጥንት ጋራ ይፋጫል። በቀድሞ ዘመን የዚህ ሕመም መድኃኒቱ ምርኵዝና ትዕግሥት ነበረ። ጆን ቻርንሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በራይቲንግተን ሆስፒታል ሲሠራ ብዙ ደክሞ፣ ብዙም ሞክሮ፣ በ1962 የብረት ራስና የፕላስቲክ ጽዋ ያለው ሰው ሠራሽ ዳሌ ለበሽተኞች ማስገባት ጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ መራመድ ያቃታቸው እጅግ ብዙ ሰዎች በእግራቸው ሄደዋል። የጉልበቱም ኦፕራሲዮን ተከትሎ ተስፋፋ።

በመጀመሪያው ጊዜ እንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን የተደረገለት ሰው ለሳምንታት ከሆስፒታል አይወጣም ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎች በዚያው ዕለት ይቆማሉ፤ በማግሥቱ ወደ ቤታቸው የሚሄዱ አሉ፤ አንዳንዶቹም ሳያድሩ ይሄዳሉ። ለዚህ ለውጥ ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንዱ እውቀት፣ ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ወይ ሐኪሞቹን ያለ ጥፋታቸው እንወቅሳለን፤ ወይ ደግሞ ሒሳብ ጸሓፊዎቹን ያለ ሥራቸው እናመሰግናለን።

እውቀቱ ይህ ነው። ብዙ መተኛት ራሱ በሽታ መሆኑን ሐኪሞች ተረዱ። የማይንቀሳቀስ እግር ደም ይረጋበታል፤ የረጋውም ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሰውን ሊገድል ይችላል። ሥጋውም ይሟሽሻል፤ ሳንባውም ይታፈናል። ሄንሪክ ኬሌት የሚባል የዴንማርክ ቀዶ ሐኪም ከ1990ዎቹ ጀምሮ ባደረገው ምርምር፣ ሕመሙን በልዩ ልዩ መንገድ አስታግሦ በሽተኛውን ቶሎ ማብላትና ቶሎ ማስነሣት እንደሚሻል አስረዳ። እንግዲህ ቶሎ ከሆስፒታል መውጣት ሁልጊዜ ግፍ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጤና ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ ሜዲኬር የሚባለውን የአረጋውያን ኢንሹራንስ ማወቅ ይገባል። ይህን ሕግ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሐምሌ 30 ቀን 1965 ፈረሙት፤ ሥራውንም በሐምሌ ወር 1966 ጀመረ። ሠራተኛው ከደመወዙ ከ100 1.45 ይከፍላል፤ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል፤ ሰውየው 65 ዓመት ሲሞላው ያ ገንዘብ የሆስፒታሉን ወጪ ይሸፍንለታል። በመጀመሪያው ዘመን ሆስፒታሉ ያወጣውን ወጪ ቈጥሮ ይቀበል ስለ ነበረ፣ በሽተኛው ብዙ ቀን በተኛ ቍጥር ክፍያውም ይበዛ ነበር። በ1983 ሕጉ ተለወጠና ለእያንዳንዱ ዓይነት ሕመም አስቀድሞ የተቈረጠ ዋጋ ተመደበ። የጭነት መኪና የሚከራይ ነጋዴ ይህን ይረዳዋል። መኪናውን በቀን ሒሳብ ከተከራየው ሾፌሩ በየመንገዱ ያድራል፤ በጕዞ ሒሳብ ከተከራየው ግን ሾፌሩ ሌሊቱን ሁሉ ይነዳል። ሆስፒታሎቹም እንደዚሁ መንዳት ጀመሩ።

በሜዲኬር ስለሚታከሙ የዳሌ በሽተኞች የተደረገና በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በቍጥር ያሳያል። በ1991ና በ1992 አንድ በሽተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳሌው ሲለወጥለት በአማካይ 9.1 ቀን ይተኛ ነበር፤ በ2007ና በ2008 ግን 3.7 ቀን ብቻ ሆነ። ዳሩ ግን በዚያው ዘመን ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ቤታቸው የሚሄዱት ከ100 68 የነበሩት ወደ 48 ወረዱ፤ ወደ ማገገሚያ ቤት የሚላኩት ደግሞ ከ18 ወደ 34 ወጡ። ስለዚህ ከቀነሰው የሆስፒታል ቀን ጥቂቱ በእውነት የቀረ አይደለም፤ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት የተዛወረ ነው።

ማገገሚያ ቤት ያልሁት ነርሶችና እግር የሚያለማምዱ ባለሙያዎች ያሉበት፣ በሽተኛው ራሱን እስኪችል የሚቀመጥበት ቤት ነው። ሜዲኬር ለዚህ ቤት ለመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ሙሉውን ይከፍላል፤ ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን በሽተኛው በየቀኑ ድርሻውን ይጨምራል። ነገር ግን በሩ ላይ አንድ ዘበኛ ቆሟል። በሽተኛው አስቀድሞ በሆስፒታል ሦስት ተከታታይ ቀን «ተኝቶ ታካሚ» ሆኖ መቈየት አለበት፤ የሚወጣበትም ቀን አይቈጠርም። ይህን ካላሟላ አንድ ሳንቲም አይከፈልለትም።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ማለት የሚገባው ቃል አለ። በእኛ ቋንቋ ተኝቶ ታካሚ ማለት አልጋ ይዞ የሚታከም ነው፤ ተመላላሽ ማለትም ታክሞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ነው። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። በደንቡ መጽሐፍ ግን አልጋ ላይ መተኛት ሰውን ተኝቶ ታካሚ አያሰኘውም። የሚያሰኘው ሐኪሙ የጻፈው ትእዛዝ ነው። ያ ትእዛዝ ካልተጻፈ፣ ሰውዬው የሆስፒታሉን ልብስ ለብሶ፣ የሆስፒታሉን ምግብ እየበላ፣ ሁለት ሌሊት ቢያድር እንኳ በመዝገቡ ላይ ተመላላሽ ይባላል። ከጥቅምት 1 ቀን 2013 ጀምሮ በጠቅላላው ሐኪሙ በሽተኛው ሁለት እኩለ ሌሊት የሚያልፍ ሕክምና ያስፈልገዋል ብሎ ከገመተ ተኝቶ ታካሚ፣ ከዚያ ካነሰ ግን ተመላላሽ እንዲባል ተደነገገ። የጉልበት መለወጥ እስከ 2017 መጨረሻ ድረስ ተኝተው ለሚታከሙ ብቻ ከሚከፈልባቸው ኦፕራሲዮኖች ዝርዝር ውስጥ ነበረ፤ ከጥር 1 ቀን 2018 ጀምሮ ወጣ። የዳሌውም በጥር 1 ቀን 2020 ተከተለ። የዚህ አሳብ ደግ ነበረ፤ ብርቱ የሆነ ሰው ያለ ምክንያት አልጋ እንዳይዝ ነው። ነገር ግን ደካማውም በዚያው በር እንዲገባ ሆነ።

ይህን ሁሉ ከወረቀት ብቻ አልተማርሁትም። በዋሽንግተን አቅራቢያ ስኖር አንዲት እናት ጎረቤት ነበሩኝ። ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት ያለፈ፣ በአሜሪካ በኖሩበት ዘመን ሁሉ በሆቴል ውስጥ የእንግዳ አልጋ ሲያነጥፉና መስኮት ሲወለውሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ከደመወዛቸው የሚቈረጠው ገንዘብ አንድ ቀንም ሳይጓደል ተከፍሏል። በ2019 ቀኝ ጉልበታቸው ተለወጠላቸው። ኦፕራሲዮኑ በደኅና አለፈ፤ ሐኪሙም ጥሩ ባለሙያ ነበረ። ነገር ግን እግራቸው ለመታጠፍ እንቢ አለ፤ ራሳቸውንም እያዞራቸው በምርኵዝ ዐሥር እርምጃ መሄድ አቃታቸው። የሚኖሩት አሳንሰር በሌለው ቤት በሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። አንድ ልጃቸው ሌሊት ታክሲ ነጂ ነው። ሐኪሙም ወደ ማገገሚያ ቤት ቢሄዱ እንደሚሻል ተናገረ።

ሐሙስ ጧት የሆስፒታሉ የበሽተኞች ጉዳይ ሠራተኛ መጣች። እኔም ቋንቋ ላስተረጕም በዚያ ነበርሁ። የተናገረችውን ከሰማሁ በኋላ እናታችን፣

«ልጄ፣ ምን ትላለች?» አሉኝ።

«እማማ፣ ማገገሚያ ቤቱን ኢንሹራንሱ አይከፍልም ትላለች። ሦስት ቀን አልሞላም ነው የምትለው» አልኋቸው።

«እንዴት አልሞላም? ሰኞ ገባሁ፤ ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«የሰኞው ሌሊት በተመላላሽነት ነው የተጻፈው። ተኝቶ ታካሚ የተባሉት ከማክሰኞ ጀምሮ ነው፤ የዛሬውም ቀን መውጫዎ ስለ ሆነ አይቈጠርም።»

ጥቂት ዝም አሉና፣ «ተመላላሽ? እኔ ወዴት ተመላለስሁ? ሽንት ቤት እንኳ በሰው እጅ ተደግፌ ነው የደረስሁት» አሉ።

ይህን ቃል በቃል ተረጐምሁላት። ሠራተኛዋ ፈገግ ልትል ሞክራ አልሆነላትም። «ደንቡን እኔ አልጻፍሁትም» አለች፤ እውነቷን ነው። እናታችን አንድ ሌሊት ቢጨመርላቸው እንደሆነ ጠየቁ። ቍስሉ ደኅና ስለ ሆነ፣ ሆስፒታል የሚያስፈልገው ሕመም ስለሌለባቸው አይቻልም ተባለ። እኔም ስለ ሠላሳ ስድስቱ ደረጃ ነገርኋት። «ደረጃ ሕመም አይደለም» ስትል መለሰችልኝ። በክፋት አልነበረም የተናገረችው፤ በመዝገቡ ላይ ለደረጃ የተተወ ቦታ የለም ማለቷ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የደነቀኝን ነገር ኋላ ደንቡን ሳነብ አገኘሁት። ያ የሰኞ ሌሊት ሆስፒታሉ ሁለቱን እኩለ ሌሊት ለመሙላት ሲፈልግ ይቈጠርለታል፤ በሽተኛዋ ግን ሦስቱን ቀን ለመሙላት ስትፈልግ አይቈጠርላትም። ያው አንድ ሌሊት፣ በያው አልጋ ላይ፣ ለአንዱ ሌሊት ሆኖ ለሌላው ሌሊት አልሆነም።

እናታችን ወደ ቤታቸው ሄዱ። ልጃቸውና ሁለት ጎረቤቶች በወንበር አስቀምጠው ሠላሳ ስድስቱን ደረጃ ተሸክመው አወጧቸው። የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ሴቶች ዐሥር ሌሊት ተራ ገብተው አስታመሙ። ከእነርሱ አንዲቱ ቀን ቀን ደመወዝ እየተከፈላት ሌሎች ሽማግሌዎችን የምታስታምም ነበረች፤ ከአንዱ አልጋ ተነሥታ ወደ ሌላው አልጋ ትመጣ ነበር። ልጃቸው ለብዙ ሌሊት ታክሲውን አቆመ። ሜዲኬር በሐኪም ትእዛዝ ቤት ለቤት የሚላኩትን ነርስና የእግር አለማማጅ ይከፍል ስለ ነበር፣ እነርሱም በሳምንት ጥቂት ቀን እየመጡ ረዱ። በመጨረሻም እናታችን ድነው በምርኵዝ ቤተ ክርስቲያን ሳሙ።

አንድ ሰው «ታዲያ ምን ጎደለ? ድነዋል፤ ገንዘቡም ተቈጥቧል» ሊል ይችላል። እኔ ግን ገንዘቡ ተቈጥቧል በሚለው አልስማማም። ወጪው አልጠፋም፤ ቦታውን ብቻ ለወጠ። ከመንግሥቱ መዝገብ ላይ ተፍቆ በሴቶቹ ትከሻና በልጁ ኪስ ላይ ተጻፈ። እንቅልፍ የሚመዘግብ መዝገብ ስለሌለ ብቻ የሴቶቹ እንቅልፍ ማጣት እንደ ትርፍ ተቈጠረ። ማኅበር የሌላቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ በሰው አገር ብቻቸውን የሚኖሩ በሽተኞችስ ያን ወንበር ማን ይሸከምላቸው ይሆን?

ስለ ደንቡ ግን በቅን መፍረድ ይገባል። ይህ ገንዘብ የማንም ስጦታ አይደለም፤ ሳህን የሚያጥበውም ቤት የሚሠራውም ከደመወዙ ያዋጣው የጋራ ገንዘብ ነው። በጋራ ገንዘብ ላይ ጠባቂ ካልቆመ ቶሎ ያልቃል። ሦስት ቀን የሚለው ደንብ በ1965 ሲጻፍም አእምሮ የጎደለው ደንብ አልነበረም። በዚያን ዘመን በሽተኛ ብዙ ቀን ይተኛ ስለ ነበረ፣ ሦስት ቀን ማለት በእውነት የታመመውን ካልታመመው ለመለየት የምታገለግል ትንሽ ምልክት ነበረች። ችግሩ ሕክምናው ሲለወጥ ቍጥሩ ሳይለወጥ መቅረቱ ነው። ልጅ በሦስት ዓመቱ የተሰፋለትን እጀ ጠባብ በሃያ ዓመቱ ልበስ ቢሉት፣ ጥፋቱ የልብስ ሰፊው አይደለም፤ አሁን አልብሱት የሚሉት ነው።

ይህም ቍጥር በሲና ተራራ በጽላት ላይ የተጻፈ አይደለም። የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ከመጋቢት 2020 እስከ ግንቦት 11 ቀን 2023 ድረስ የሦስቱ ቀን ግዴታ ተነሥቶ ነበር። ከዚያም በፊት በ2016 በተመረጡ ከተሞች በተጀመረውና በ2024 መጨረሻ በተፈጸመው ሙከራ፣ ሆስፒታሉ ጉልበቱ ወይም ዳሌው ለተለወጠለት በሽተኛ ከወጣ በኋላ እስከ 90 ቀን ስለሚደርሰው ወጪ ኃላፊ እንዲሆን ተደርጎ፣ በተወሰነ ሁኔታ ያለ ሦስቱ ቀን ወደ ማገገሚያ ቤት መላክ ተፈቅዶ ነበር። በግል ኩባንያዎች በኩል የሚሰጠው ሜዲኬርም ብዙ ጊዜ ሦስቱን ቀን አይጠይቅም፤ ነገር ግን በዚያ ፈንታ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትን ይጠይቃል፤ ዘበኛው ከአንዱ በር ተነሥቶ በሌላው በር ቆሟል ማለት ነው።

ዝም ያላሉ አረጋውያንም አሉ። ሐኪሙ ተኝቶ ታካሚ ብሎ ከጻፋቸው በኋላ ሆስፒታሉ ስማቸውን ወደ ተመላላሽነት የለወጠባቸው ሰዎች በ2011 መንግሥትን ከሰሱ። ነገሩ ከዐሥር ዓመት በላይ ፈጀ፤ በ2022 የይግባኝ ፍርድ ቤት እንደነዚህ ያሉት በሽተኞች ይግባኝ የማለት መብት እንዳላቸው ወሰነ፤ ከከሳሾቹ አንዳንዶቹ ግን ፍርዱን ሳያዩ ሞቱ። በ2015 የወጣ ሌላ ሕግም፣ ተመላላሽ ተብሎ ለክትትል ከ24 ሰዓት በላይ ለተቀመጠ በሽተኛ ሆስፒታሉ ይህን በጽሑፍ እንዲያስታውቀውና በቃልም እንዲያስረዳው ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱን ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀት ምን ያደርግለታል?

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ነገሬ ወደ አንተና ወደ አንቺ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ማንበብ መቻል ለራስ ደመወዝ ማግኛ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በየቤታችን እንግሊዝኛ የማያነቡ፣ አማርኛም ቢሆን የመንግሥትን ወረቀት አማርኛ የማይገባቸው አባቶችና እናቶች አሉ። ለእነርሱ የተማረ ልጅ ዐይናቸው ነው። ስለዚህ እናትህ ወደ ሆስፒታል ሲገቡ ብርቱካን ይዞ ከመሄድ በፊት፣ ኦፕራሲዮኑም ከመደረጉ በፊት፣ ሐኪሙን ጠይቅ፤ «በምን ስም ነው የሚገቡት? ተኝቶ ታካሚ ናቸው ወይስ ተመላላሽ? ከዚህ ሲወጡ ወዴት ይሄዳሉ? በቤታቸው ስንት ደረጃ እንዳለ ታውቃለህ?» ሐኪሙ የበሽተኛውን ሁኔታ፣ ዕድሜውን፣ ሌላ ሕመሙንና ሊደርስበት የሚችለውን አደጋ በመዝገብ ላይ ሲጽፍ ትእዛዙ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችላል። አስቀድሞ የተጠየቀ ጥያቄ መንገድ ያገኛል፤ ከሌሊቱ በኋላ የተጠየቀ ግን ሌሊቱን ሊመልሰው አይችልም።

ይህ የአሜሪካ ነገር ነው ብላችሁም አትተዉት። በአገራችንም የማኅበረሰብ የጤና ኢንሹራንስ በ2011፣ በእኛ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም.፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ በብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። መልካም ሥራ ነው፤ የእድርን ልማድ ከሐዘን ወደ ሕመም ማሻገር ነው። ሥራው እየሰፋ በሄደ ቍጥር ደንቡም እየበዛ ይሄዳል፤ ደንቡን የሚጽፉትም ዛሬ ይህን የሚያነቡ ወጣቶች ይሆናሉ። ያን ጊዜ ቍጥር መጻፍ የግድ ይሆንባችኋል፤ ያለ ቍጥር ደንብ አይቆምምና። ነገር ግን ቍጥሩን ከጻፋችሁ በኋላ ብዕሩን አታስቀምጡ። የቍጥሩን ምክንያት ከጎኑ ጻፉ፤ ምክንያቱ ሲያረጅ ቍጥሩን የሚለውጥ ሰው ማን እንደሆነ ጻፉ፤ ቍጥሩ ያላሰበው ሰው ሲመጣ ደግሞ የሚሰማው ጆሮ የት እንደሚገኝ ጻፉ። ቃልንም ከትርጕሙ አታጣሉ። አልጋ ላይ የተኛችውን ሴት ተመላላሽ ብሎ የሚጠራ መዝገብ ሒሳቡ ቢስተካከልለት እንኳ የሕዝቡን እምነት ያጣል። ኢንሹራንስም ከገንዘብ በፊት የሚቆመው በእምነት ላይ ነው፤ ገንዘቡን የሚያዋጣው ድኻ «ብወድቅ ያነሡኛል» ብሎ አምኖ ነውና።